ትልቁ ማጠንጠኛና ልኩ

ሰው ዕቃ ሊገዛ ወደ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው። ድስት ገዢው ትልቁን ድስት፥ መጽሐፍ ገዢው ወፍራሙን መጽሐፍ፥ ሬዲዮ ገዢው ድምፁ ለጐረቤት የሚተርፈውን ሬዲዮ አንሥቶ ያገላብጣል። ኪሱ ባይፈቅድለት እያዘነ ያስቀምጠዋል እንጂ፥ «ይህ ዕቃ ለእኔ ሥራ ልክ አይደለም» ብሎ የሚመልሰው ሰው ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ አንባቢዎቼን ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ልክ ነገር ሲሆን፥ ምሳሌ የማደርገው በመዳፍ የሚያዝ አንድ የብረት ዕቃ፥ ይኸውም የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፥ «ዓሣ ማጥመድ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የምውለው በመዝገብ ቤት ከፋይል ጋር ነው» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። ነገሩም የሚፈጸመው ከአገራችን ርቆ በአሜሪካ ሐይቅ ላይ ነው። ነገር ግን በማጠንጠኛው ሆድ ውስጥ ያለው ሕግ፥ በክፍሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምጽፈው ከመዘውርና ከጥርስ ሕግ የተለየ አይደለም። ከዚህም በላይ በዚያች ዕቃ ምክንያት አንድ አባትና አንድ ልጅ ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም ነበርና፥ ጉዳዩ የዓሣ ብቻ አይደለም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ አጎቴ ትኬት ልከውልኝ እሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ ቴክሳስ ሄጄ ሁለት ወር ያህል ተቀመጥሁ። ዳላስና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። አጎቴም እዚያ ታክሲ መንዳት ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሳምንቱ ውስጥ ቀንና ሌሊት ከመሪው ጋር ይታገሉና፥ ቅዳሜን ግን ለማንም አይሰጡም። ቅዳሜ የዓሣ ቀን ናት። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፥ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን አንድ ልጃቸውን ቀስቅሰው ወደ ሐይቅ ይሄዳሉ። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ ለመናገር ግን ምላሱ ይከብደዋል። የአባትየው እንግሊዝኛ ደግሞ የመንገድና የሒሳብ እንግሊዝኛ ነው። በሰባቱ ቀን ውስጥ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ቃል «በላህ?» እና «አዎ» ነው ብል እምብዛም አላጋነንሁም። ስለዚህ የቅዳሜዋ ጀልባ ለአጎቴ መዝናኛ ብቻ ሳትሆን፥ ከልጃቸው ጋር የሚገናኙባት ቤት ነበረች።

የሚሄዱበት ሐይቅ ሌክ ፎርክ ይባላል። ከዳላስ በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፥ በግድብ የተሠራ፥ ስፋቱ ወደ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፥ ማለት ከሐዋሳ ሐይቅ ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ነው። ግድቡ ሲሞላ ዛፉ በብዛት ሳይቈረጥ ስለ ቀረ፥ የደረቀው ግንድ እስከ ዛሬ ከውሃው ውስጥ ቆሞ ይታያል። በዚህ ግንድ መካከል የሚኖረው ዝነኛ ዓሣ ባለ ሰፊ አፍ ባስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ልጻፍና፥ የቴክሳስን የክብደት ወሰን የያዘው ባስ የተያዘው በ1992 ከዚሁ ሐይቅ ሲሆን፥ ክብደቱ 18.18 ፓውንድ ወይም 8.25 ኪሎ ነበር። በዓለም የተመዘገቡት ሁለቱ ታላላቅ ባሶች ደግሞ፥ አንደኛው በ1932 ጆርጅ ፔሪ በጆርጂያ ግዛት፥ ሁለተኛው በ2009 ማናቡ ኩሪታ በጃፓን በቢዋ ሐይቅ የያዟቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ መዘኑ። ይህን ቁጥር አንባቢዎቼ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል። ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ ከሚችለው ከጫሞው ነጭ ዓሣ አጠገብ ቢቆም፥ የዓለም ታላቁ ባስ እንኳ ግልገል ነው።

ባስ አድፍጦ የሚይዝ ዓሣ ነው። ከግንድ ወይም ከአረም ሥር ተደብቆ ይቆይና፥ ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት በአጠገቡ ሲያልፍ በአንድ ትንፋሽ ይውጠዋል። አጥማጆቹም ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ፥ ከፕላስቲክ፥ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ማባበያ በዘንግ ወርውረው በክር እየሳቡ ያታልሉታል። ክሩ የሚጠቀለልበት ዕቃ፥ እነሱ ሪል የሚሉት፥ ማጠንጠኛው ነው።

ማጠንጠኛ በዋናነት ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ስፒኒንግ የሚባለው ሲሆን፥ ማባበያው ሲወረወር በከራው ቆሞ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ሁለተኛው ቤይትካስተር ይባላል። በዚህኛው፥ ባልዲ ወደ ጉድጓድ ሲለቀቅ መዘውሩ እንደሚሽከረከር፥ በከራው ራሱ እየተሽከረከረ ክሩን ይሰጣል። ትልቅ ማባበያና ወፍራም ክር የሚችለው ይህ ሁለተኛው ነው። መከራውም በዚያው ልክ ነው። ማባበያው በአየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ በከራው ግን እንደ ፈጠነ ከቀጠለ፥ የተረፈው ክር በራሱ ላይ ይደራረብና ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል። አሜሪካኖች «የወፍ ጎጆ» ይሉታል። ይህን ለመከላከል አጥማጁ በአውራ ጣቱ በከራውን ይዳስሳል። ማጠንጠኛውም የመወርወሪያ ፍሬን አለው፤ አንዳንዱ በማግኔት፥ አንዳንዱ በከራው ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተገፉ በሚታከኩ ትንንሽ ቁራጮች ይሠራል።

ይህ ዕቃ የሰዓት ሠሪዎች ልጅ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ በኬንታኪ ግዛት ፓሪስ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ጆርጅ ስናይደር የተባለ ሰዓት ሠሪ፥ የአሜሪካኑን ማጠንጠኛ እንደ ጀመረ ይነገርለታል። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር በከራው ብዙ ጊዜ እንዲዞር የሰዓትን ጥርስ አገባበት። በ1952 አምባሳደር 5000 የተባለውን ዝነኛ ማጠንጠኛ ያወጣው የስዊድኑ አቡ የተባለ ፋብሪካም በ1921 ሲመሠረት ሥራው የኪስ ሰዓት ነበር፤ ቀጥሎም የታክሲ ሒሳብ መቍጠሪያ ይሠራ ነበር። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ከት ብለው ሥቀው፥ «እንግዲያው እኔም ከታክሲ ወደ ዓሣ መምጣቴ በሥርዓቱ ነው» አሉ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አጎቴ ሁለት ማጠንጠኛ ነበራቸው። አንደኛው አሮጌ፥ መጠኑ 200 የሚባለው፥ 200 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። ሁለተኛው አዲስና ትልቅ፥ መጠኑ 300 የሚባለው፥ 300 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። እነዚህ የመጠን ቁጥሮች ከፋብሪካ ፋብሪካ በትክክል አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ለባስ 100ና 200 ተራ መጠን፥ 300ና 400 ትልቅ መጠን መሆናቸውን ሁሉም ይስማማበታል። አጎቴ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ አባት፥ ምርጡን ለልጅ ብለው ትልቁን አዲሱን ማጠንጠኛ ለልጃቸው ሰጡ፤ ራሳቸው አሮጌውን ያዙ።

ልጁ የሚወድደው አጠማመድ በዚያው በቴክሳስ ስም የሚጠራው ነው፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ከትንሽ እርሳስ ጋር በመንጠቆ ላይ ይሰካና በግንዶች መካከል ቀስ ተብሎ ይሳባል። እርሳሱና ትሉ ተደምረው 15 ግራም ያህል ይሆናሉ። አባትየው ደግሞ የሚወድዱት ክራንክቤይት የሚባለውን ነው። ይህ ማባበያ የዓሣ መልክ ያለው ሆኖ፥ ከአፉ ፊት እንደ ማንኪያ ያለ ሰፊ ምላስ ተበጅቶለታል። ሲሳብ ውሃው ምላሱን እየገፋ ወደ ታች ያሰጥመዋል፤ ትልልቁ እስከ 6ና 7 ሜትር፥ ከዚያም በላይ ይወርዳል። በበጋው ሙቀት ብዙው ባስ ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ ጊዜው የዚህ ማባበያ ነው።

እኔ በሄድሁባት በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ያየሁት ይህ ነው። ልጁ ይወረውራል፤ ትሉ አሥር ሜትር ሳይሄድ ክሩ ይተበተባል። ሩብ ሰዓት ሲፈታ ይቆያል፤ እንደ ገና ይወረውራል፤ እንደ ገና ይተበተባል። አራት ሰዓት ሲሆን ዘንጉን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። አባትየው ደግሞ በዚያች በትንሿ ማጠንጠኛ ከባዱን ክራንክቤይት ሲስቡ ዋሉና፥ ማታ የቀኝ አንጓቸው አብጦ በሙቅ ውሃ ሲያሹት አየሁ። ያን ጊዜ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ ከእኔ ጋር መሆን ሰልችቶታል» ያሉኝ። ቀጥለውም፥ «ለልደቱ መጠን 400 የሆነውን ልገዛለት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ምናልባት ያን ጊዜ ደስ ይለው ይሆናል» አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በቃል ምክር የሚገኝ አልነበረም፤ የልጅ ልብ ነውና ማንም ደፍሮ አይናገርበትም። የማጠንጠኛው ነገር ግን የሚለካ ነገር ነው። ስለዚህ ከልጁ ማስመሪያና ደብተር ተውሼ ሁለቱን ማጠንጠኛዎች በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለካኋቸው። ልጁም ምን እንደማደርግ ሊያይ ቀረበ።

መጀመሪያ የለካነው አንድ የእጀታ ዙር ስንት ክር እንደሚያመጣ ነው። የትንሹ በከራ ከክሩ ጋር ዲያሜትሩ 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥርሱ ምጣኔ 7.4 ነው፤ ማለት እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር በከራው 7.4 ጊዜ ይዞራል። የትልቁ በከራ 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምጣኔው ግን 5.8 ብቻ ነው። ዲያሜትሩን በ3.14፥ ከዚያም በምጣኔው ብታባዙት፥ ትንሹ በአንድ ዙር 79 ሳንቲ ሜትር፥ ትልቁ 78 ሳንቲ ሜትር ክር ያመጣል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልጁ በራሱ ስልክ እንደ ገና አባዛውና፥ በእንግሊዝኛ «ይህማ አንድ ነው!» ብሎ ተገረመ።

ቀጥሎ የለካነው ጉልበትን ነው። በትንሹ ከእጀታው መካከል እስከ መጨበጫው 4.75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በትልቁ 5.75። በእጄ 1 ኪሎ ያህል ብገፋ፥ በሰበቃ የሚጠፋውን ትተን፥ በትንሹ ክሩ ላይ የሚደርሰው 380 ግራም፥ በትልቁ 460 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ የመጣው ከማጠንጠኛው ትልቅነት ሳይሆን ከእጀታው መርዘም ነው። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። አጎቴ ሊገዙ ያሰቡት ፈጣኑን ዓይነት ስለ ነበር፥ በዚሁ በ43 ሚሊ ሜትር በከራ ምጣኔውን 7.6 ብናደርገውስ ብዬ አሰላሁት። በአንድ ዙር 103 ሳንቲ ሜትር ክር ያመጣል፤ ክሩ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን 350 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ትልቁ ማጠንጠኛ ፈጣን ሲሆን ከትንሹ ይደክማል ማለት ነው። ፍጥነትና ጉልበት በአንድ እጀታ ላይ አብረው አይሰጡም፤ አንዱን የጨመረ ከሌላው ይከፍላል።

«ታዲያ የትልቁ ጥቅም ምንድን ነው?» ብለው አጎቴ ጠየቁኝ። ጥቅሙ አለ፤ እሱንም ለካነው። ክራንክቤይት ረጅም ውርወራ ይፈልጋል፤ ወደ ጥልቁ ለመድረስ መንገድ ያስፈልገዋልና። ውፍረቱ 0.45 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 40 ሜትር ያህል ከወጣ፥ የትንሹ በከራ ዲያሜትር ከ34 ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ የትልቁ ከ43 ወደ 38 ብቻ ነው። ስለዚህ ማባበያው ሩቅ ሳለ ትንሹ በአንድ ዙር 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያመጣል፤ ትልቁ 69። ከዚህ ጋር የትልቁ ጥርሶች ወፍራሞች ናቸው፤ አካሉ ሲሳብ አይጣመምም፤ መጨበጫውም እጅ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ከባድ ነገር ለሚስብ ሰው ይህ ሁሉ እፎይታ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ በውርወራው ላይ ነው። የቆመ ነገር ለመነሣት፥ የተነሣም ለመቆም እንቢተኛ እንደ ሆነ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል። በከራው በዲያሜትርም በስፋትም በሩብ ቢያድግ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክሩን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለመስጠትም የሚፈልገው ጉልበት እጥፍ ነው። ይህን ጉልበት የሚሰጠው የሚበረው ማባበያ ነው። 90 ግራም የሚመዝን ማባበያ ይህን ዕዳ ሳያውቀው ይከፍላል። 15 ግራም ግን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? በግድ ያስነሣውና ራሱ በአየር ላይ ይደክማል፤ ከባዱ በከራ ግን መሽከርከሩን አይተውም፤ ክሩም ይተበተባል። እንግዲህ ልጁን ያሸነፈው ስንፍናም ጥላቻም አልነበረም። አባቱ በፍቅር የሰጡት ከባድ በከራ ነበር።

ከዚህ በኋላ መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ትልቁ ለአባት፥ ትንሹ ለልጅ። አጎቴ ግን ዝም አሉ። ቆይተውም፥ «እንዴት አድርጌ ነው አዲሱን እኔ ይዤ ለልጄ አሮጌውን የምሰጠው? ሰው ምን ይለኛል? እሱስ ምን ይለኛል?» አሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ፥ ነገሩ ሁሉ ገብቶት ኖሮ፥ ትንሹን ማጠንጠኛ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በተሰባበረ አማርኛው፥ «አባባ፥ ይሄ የኔ ልክ ነው» አላቸው። አጎቴም መልስ አልሰጡም፤ ተነሥተው ሻይ ቀዱለት።

ዓሣ ማጥመድ የጀመረ ወይም የሚጀምር ወዳጅ በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ትጠቅሙበት እንደ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ ከአጥማጆቹ ጠይቄም አይቼም የተረዳሁትን በአጭሩ ልጻፍ። ትልቁ ማጠንጠኛ በባስ አጠማመድ ውስጥ ሦስት እውነተኛ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ከላይ የተናገርሁት ጠላቂው ክራንክቤይት ነው፤ ለእሱ ዝግተኛው ጥርስ፥ ከ5 እስከ 6 ያለው ምጣኔ ይስማማዋል። ሁለተኛው ስዊምቤይት የሚባለው ትልቅ የዓሣ ምስል ነው፤ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፥ ክብደቱ ከ60 እስከ 120 ግራም፥ አንዳንዴም የበለጠ ነው። በካሊፎርኒያ ሐይቆች ለአጥማጆች መዝናኛ ተብሎ የሚጨመረውን ትራውት የተባለ ዓሣ እየበሉ ባሶች እጅግ ስለ ደለቡ፥ ይህ አጠማመድ በዚያ ታዋቂ ሆነ። ሦስተኛው አላባማ ሪግ ነው፤ እንደ ጃንጥላ አጥንት በተዘረጉ ሽቦዎች ላይ ብዙ የዓሣ ምስሎች በአንድነት የሚታሰሩበት ከባድ ማባበያ ነው። በጥቅምት 2011 ፖል ኢሊያስ በአላባማ በገንተርስቪል ሐይቅ ላይ በእሱ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ስሙ በአሜሪካ ሁሉ ተሰማ።

ትልቁ የማይስማማቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው። ፍሊፒንግ በሚባለው አጠማመድ ከባድ እርሳስ ያለው ማባበያ ከቅርብ፥ ከጥቂት ሜትር ላይ፥ በአረም ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። ክሩ ብዙ ጥሩ ድሮች አብረው የተጐነጐኑበት ጠንካራ ክር ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው። እርሳሱ ከባድ ስለ ሆነ ትልቅ ማጠንጠኛ የሚፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን ውርወራው አጭር ነው፤ በቀን ውስጥ ግን ብዙ መቶ ጊዜ ይደገማል። በዚህ ሥራ ላይ የ100 ግራም ልዩነት ማታ በትከሻ ላይ ይቈጠራል። የሚያስፈልገው ቀላልና ፈጣን ማጠንጠኛ፥ ምጣኔው ከ7 በላይ የሆነ፥ መጠኑ 200 የሆነ ነው። የፕላስቲክ እንቁራሪት በአረም ላይ ለሚያዘልለውም እንደዚሁ ነው፤ ባሱ ወደ አረሙ ሥር ሳይጠልቅ ክሩን ፈጥኖ መሰብሰብ አለበትና። 5 ግራምና ከዚያ በታች ለሚወረውር ሰው ደግሞ ስፒኒንግ የሚባለው ይሻለዋል።

ስለ ሌላኛው ፍሬንም አንድ ቃል ልጨምር። ማጠንጠኛ ሁሉ ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ በልክ የሚለቅ ፍሬን አለው። በትልልቆቹ ላይ ይህ ፍሬን ከ10 ኪሎ በላይ ይይዛል እየተባለ ይወደሳል። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር አስታውሱ፤ የዓለም ታላቁ ባስ ራሱ 10 ኪሎ ነው። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ፍሬኑን የክሩን ብርታት ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ያህል ያደርጉታል። 9 ኪሎ በሚችል ክር ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ማለት ነው። ያን የሚይዝ ፍሬን በትንሹም ማጠንጠኛ ላይ አለ። የቀረው ብርታት ለባሕር ዓሣ የተሠራ ነው፤ ለባስ የሚገዛው ሰው የማይጠቀምበትን ይከፍላል፤ ይሸከማልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችንም በሐይቁ ላይ ነበርን። ልጁ በአሮጌዋ ማጠንጠኛ ከሃያ ሜትር በላይ ወረወረ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ተተበተበበት። ከአንድ ግንድ ሥርም 1 ኪሎ የማይሞላ ባስ አወጣ። ረፋዱ ላይ የአጎቴ ዘንግ ጎበጠ። ጥልቅ ነበር፤ ሲመጣ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ መረቡን ይዞ የሚጠብቀው ልጁ ነበር። ዓሣው ሲለካ 58 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚያ ሐይቅ ሕግ ከ16 እስከ 24 ኢንች፥ ማለት ከ40 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለ ባስ የግድ ወደ ውሃ ይመለሳል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ተለቀቀ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ዓሣው እስኪጠልቅ ድረስ ሲያዩት፥ እኔ በጀልባው ጫፍ ተቀምጬ ምንም አልተናገርሁም። በመመለሻው መንገድ ግን ሁለቱ ስለ ክርና ስለ በከራ፥ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ፥ ዳላስ እስክንገባ ድረስ ተነጋገሩ። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

እንግዲህ ማጠንጠኛ የሚገዛ ሰው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይጠይቅ። የምወረውረው ማባበያ ስንት ግራም ነው? ምን ያህል ይርቃል፥ ምን ያህልስ ይጠልቃል? ለዚያ የሚበቃው ክር የትኛው ነው? ያን የሚችለው ዘንግ የትኛው ነው? ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማጠንጠኛው የሚጠየቀው። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው፥ ለዕቃው ሥራ ሲፈልግለት ይኖራል። እናንተም በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት፥ ለራሳችሁ ወይም ለምትወዱት ሰው ትልቁን ዕቃ ልታነሡ እጃችሁን ስትዘረጉ፥ መጀመሪያ «ሥራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍቅር ምርጡን ይሰጣል፤ ምርጡ ግን ሁልጊዜ ትልቁ አይደለም።

መጠን 400 የሆነው ማጠንጠኛ ሳይገዛ ቀረ። አጎቴ ለእሱ ብለው ያስቀመጡትን ገንዘብ ለልጁ ልደት ምን እንዳደረጉበት በደብዳቤ ጽፈውልኛል። ለሦስት ቅዳሜ የተሻለ ጀልባ ተከራዩበት።